ጠላቱን የጻፈው ስደተኛ

ስለ ኤመሪክ ፕረስበርገር የሰማሁት በተወለደበት አገር አልነበረም። በሃንጋሪ ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ከተላክነው ወጣቶች አንዱ ነበርሁና፣ አንዱን ዓመት ቋንቋውን፣ ስድስቱን ዓመት ደግሞ ሕክምናውን ተማርሁ። ሚሽኮልትስ የምትባለውን የትውልድ ከተማውን በባቡር ስንት ጊዜ እንዳለፍሁባት ቁጥሩን እንጃ። ያም ሆኖ ከመምህሮቼም ሆነ ከጓደኞቼ ስሙን ያነሣልኝ ሰው አልነበረም። ስሙን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ የስደት አገር፣ በአንድ ሆስፒታል የተረኛ ሐኪሞች ክፍል ውስጥ ነው። ሌሊት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ፊልም ያሳያል።

ፊልሙ በ1946 የወጣው «የሕይወትና የሞት ጉዳይ» ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ አብራሪ ከሚነድ አውሮፕላን ያለ ጃንጥላ ይዘልላል፤ መሞት ሲገባው ይተርፋል። ከዚያም በኋላ ከሰማይ ቤት የተላከ መልእክተኛ ሊወስደው የሚመጣ ይመስለዋል። መልእክተኛው ሊገለጥለት ሲል ግን አብራሪው አስቀድሞ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸተዋል። ይህን ስሰማ ከተጋደምሁበት ቀና አልሁ። የሌለ ነገር መሽተት፣ በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ የሚጥል በሽታ ሊመጣ ሲል ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ መሆኑን ማንኛውም የነርቭ ሐኪም ያውቀዋል። የፊልሙ የመንደር ሐኪም ዶክተር ሪቭስ ታማሚውን ሲጠይቅ እኛ በምንጠይቅበት ቅደም ተከተል ነው የሚጠይቀው፤ ሲመረምረውም እንዲሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት አደጋ ይሞትና በሰማዩ ችሎት የታማሚው ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። ለሞያችን ከዚህ የበለጠ ክብር የሰጠ ፊልም እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህንኑ ክብር የሰጠው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ ሐኪም ምን እንደ ጻፈ ያን ሌሊት አላወቅሁም።

ፊልሙ ላይ «የጻፉት፣ ፕሮዲዩስ ያደረጉትና ያዘጋጁት ማይክል ፖዌልና ኤመሪክ ፕረስበርገር» የሚል ይነበባል። ኤመሪክ ማለት ኢምረ ማለት ነው፤ ፕረስበርገርም የፕረስበርግ ሰው ማለት ነው፤ ፕረስበርግ ዛሬ ብራቲስላቫ የምትባለው ከተማ ናት። በሃንጋሪዎች ልማድ የቤተ ሰብ ስም ይቀድማልና በአገሩ ቢሆን ኖሮ «ፕረስበርገር ኢምረ» ተብሎ ይጠራ ነበር። እንግሊዛዊ መስሎኝ የነበረው ደራሲ እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

ኢምረ በዲሴምበር 5 ቀን 1902 ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ አባቱ የርስት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ልጁ በቴመሽቫር ከተማ ተማረ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህች ከተማ በ1920ው የትሪያኖን ውል ለሩማኒያ ተሰጠች። በፕራግና በሽቱትጋርት ሒሳብና ምሕንድስና ጀመረ፤ ዳሩ ግን አባቱ በሞት ሲለዩ የሚከፍልለት በመጥፋቱ ትምህርቱን አቋረጠ። ይህ የሚሆነው እንግዲህ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ነው። ወደ በርሊን የገባው ገንዘብም ዘመድም ሳይኖረው ነበር። በጀርመንኛ አጫጭር ታሪኮችን እየጻፈ ለጋዜጦች ማቅረብ ጀመረ፤ ከዚያም ኡፋ የተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ ቀጠረው። በ1930 በሮበርት ሲዮድማክ የተዘጋጀው «ስንብት» የተባለው ፊልም ጽሑፍ የእርሱ እጅ አለበት።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አይሁዳውያን ከፊልም ሥራ ተባረሩ፤ ፕረስበርገርም ወደ ፓሪስ ሸሸ። ከበርሊን በወጣበት ዕለት የቤቱን ቁልፍ በሩ ላይ ትቶት እንደ ሄደ ይተረካል፤ ሊይዙት የሚመጡት ሰዎች በሩን እንዳይሰብሩት ብሎ ነው ይባላል። ይህ ወግ ቢጋነንም ባይጋነንም ሰውየውን በደንብ ይመስለዋል። በፓሪስ ሁለት ዓመት ያህል በፈረንሣይኛ ፊልሞች ላይ ከሠራ በኋላ በ1935 ወደ ለንደን ተሻገረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። ሃንጋሪኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሣይኛ፣ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ፤ በየስደቱ እንጀራው ቋንቋ ነበርና በየስደቱ እንጀራውን እንደ አዲስ መጋገር ነበረበት። እኔ በሦስተኛ ቋንቋ የታማሚ ታሪክ ስጽፍ የሚሰማኝን ድካም አውቀዋለሁ። በአራተኛ ቋንቋ ሰዎችን ማሳቅና ማስለቀስ ግን ምን እንደሚጠይቅ መገመት ያዳግተኛል።

በለንደን አሌክሳንደር ኮርዳ የተባለ ሌላ ሃንጋሪያዊ ትልቅ የፊልም ባለ ሀብት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የአገሩን ልጆች ይቀጥር ስለ ነበር ፕረስበርገርም በእርሱ ጥላ ሥር ገባ። በ1938 «ጥቁር ለባሹ ሰላይ» የተባለ ልብ ወለድ ለፊልም አልመች ብሎ ሲያስቸግር ጽሑፉን እንዲያስተካክል ተሰጠው። ማይክል ፖዌል የዚያ ፊልም አዘጋጅ ነበር፤ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ አጭሩ ሃንጋሪያዊ በስብሰባው መካከል አንዲት ትንሽ ጥቅል ወረቀት አውጥቶ አነበበ፤ የመጽሐፉን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ገለባብጦት ነበር። የሁለቱ ሰዎች ጉድኝት ከዚያ ይጀምራል።

በዚህ ፊልም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰውየው መላ ሥራ እዚህ ተጠንስሶአልና። ዋናው ገጸ ባሕርይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን መርከቦች ለማጥፋት የመጣ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ አዛዥ ነው። ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ፣ የሚራብ፣ የሚያፈቅር፣ ተመልካቹም ሳይወድ በግዱ የሚሳሳለት ሰው ነው። ይህን ጀርመናዊ ሆኖ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ከናዚ የሸሸ ጀርመናዊ ነበር። ፊልሙ የታየው በኦገስት 1939 ሲሆን ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከጀርመን ጋር ጦርነት ተጀመረ። ከናዚ አምልጦ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ለእንግሊዝ ሕዝብ ያበረከተው የመጀመሪያ ታላቅ ሥራ፣ የጠላትን ፊት ቀረብ አድርጎ ማሳየት ሆነ ማለት ነው።

በ1941 የወጣው «49ኛው ትይዩ» ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ ጭምር የተሠራ የጦርነት ቅስቀሳ ነበር። እዚህም የምንከተለው በካናዳ ምድር ላይ የተበተኑ ስድስት የናዚ መርከበኞችን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በመንገድ ላይ በሃይማኖታዊ ማኅበር የሚኖሩ ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ያገኛል፤ ዳቦ ይጋግርላቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር ሊቀርም ይወስናል። የገዛ አለቃው ያስገድለዋል። ቅስቀሳ ጽፎ መሐል ላይ እንዲህ ያለ ዳቦ ጋጋሪ የሚያስቀምጥ ደራሲ ብዙ አይገኝም። ፕረስበርገር በዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ከዚያም «የኮሎኔል ብሊምፕ ሕይወትና ሞት» መጣ፤ ዘመኑ 1943 ነው። ከአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ጋር አርባ ዓመት የሚዘልቅ ወዳጅነት ያለው ጀርመናዊ መኮንን ቴዎ ይባላል። በ1939 ቴዎ በስተርጅና ወደ እንግሊዝ ተሰዶ ከአንድ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፤ ለምን እንደ መጣ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ካሜራው ፊቱ ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ሽማግሌው ሚስቱ እንደ ሞተችበት፣ ልጆቹ ናዚ ሆነው ለእናታቸው ቀብር እንኳ እንዳልመጡ፣ የእንግሊዝ ምድር እንዴት እንደ ናፈቀው ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል። ያን ጠረጴዛ እኛም ተቀምጠንበታል፤ ፎርሙ ውስጥ የማይገባውን ነገር ለማያውቀን ሰው ለማስረዳት ሞክረናል። ተዋናዩ አንቶን ቫልብሩክ ኦስትሪያዊ ስደተኛ ነበር፤ የሚናገረውን ንግግር የጻፈለትም ስደተኛ ነው። ዊንስተን ቸርችል የፊልሙን አሳብ ሲሰማ ሠራዊቱን ያዋርዳል ብሎ ሊያስቆመው ሞከረ፤ ለማስታወቂያ ሚኒስትሩም ጻፈ። ሊያስቆመው ግን አልቻለም።

ይህን ሁሉ ለእንግሊዝ ሲሠራ እንግሊዝ ራሷ ምን ብላ ትጠራው ነበር? በዲሴምበር 1941 ብሪታንያ በሃንጋሪ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ፕረስበርገር «የጠላት አገር ዜጋ» ተባለ። እንቅስቃሴው ተገደበ፤ ስለ እንግሊዝ ገጠር የጻፈው «የካንተርበሪ ወግ» በኬንት አውራጃ ሲቀረጽ በቦታው እንዳይገኝ ተከለከለ። የብሪታንያ ዜግነት ያገኘው በ1946 ነው።

እናቱ በሃንጋሪ ቀርተው ነበር። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ 1944 ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ከ430,000 የሚበልጡ የሃንጋሪ አይሁዳውያን በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም አውሽዊትዝ እንደ ደረሱ ተገደሉ። የፕረስበርገር እናት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እናቱን በጊዜ አለማውጣቱ ዕድሜ ልኩን እንደ እሾህ ሲወጋው ኖረ።

ስለ ዝናው ዘመን ብዙ አልልም፤ እርሱን ሌሎች ጽፈውታል። በ1948 የወጣው «ቀይ ጫማዎች» ዓለምን ዞረ፤ የሙዚቃውና የሥነ ጥበብ ዝግጅቱ ኦስካር አገኙ። ሁለቱ ሰዎች በአንድነት የሠሩት እስከ 1957 ነው፤ ከዚያም ሳይጣሉ ተለያዩ። የፊልሙ ዓለም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ፕረስበርገርም ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በዚያው በአራተኛ ቋንቋው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ።

የመጀመሪያው በ1961 የታተመው «በእሑድ አይጥ መግደል» ነው። የእስጳኝ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ብዙ ዓመት ሆኖአል። አንድ የተሸነፈ ተዋጊ በፈረንሣይ በኩል ተሰዶ ይኖራል። በድንበሩ ማዶ እናቱ ሆስፒታል ተኝተው ሊሞቱ ያጣጥራሉ፤ ለዓመታት ሲያድነው የኖረው የፖሊስ ሻምበል ልጁ እናቱን ለማየት መምጣቱ አይቀርም ብሎ ወጥመዱን ዘርግቶ ይጠብቃል። መሄድ ሞት ነው፤ አለመሄድስ ምንድን ነው? ፍሬድ ዚነማን በ1964 ፊልም አደረገው፤ ግሪጎሪ ፔክ ስደተኛውን፣ አንቶኒ ኩዊን ሻምበሉን፣ ግብጻዊው ኦማር ሸሪፍ ደግሞ ቄሱን ሆነው ተጫወቱ። ፊልሙን ያዩት ብዙ ናቸው። ታሪኩን የጻፈው ሰው እናቱን የት እንዳጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ይመስሉኛል።

ሁለተኛው በ1966 የወጣው «የመስታወት ዕንቁዎች» ነው። ወደዚህ መጽሐፍ ስደርስ እንደ አንባቢ ብቻ ልናገር አልችልም።

ካርል ብራውን የሚባል ዝምተኛ ሰው ለንደን ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያል። ሥራው ፒያኖ መቃኘት ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረ የሰው ፒያኖ ይቃኛል። ቁጥብ ነው፣ ትሑት ነው፣ ሙዚቃ ይወዳል፤ አንዲት እንግሊዛዊት ወጣት ኮንሰርት ይጋብዛል። በቤቱ ያሉት ደባል ተከራዮች ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞች ናቸው፤ እርሱንም እንደ ራሳቸው ከናዚ የሸሸ ምስኪን አድርገው ይቀበሉታል። መጽሐፉ ብዙ ሳይገፋ ግን እውነቱን እንረዳለን፤ ብራውን ብራውን አይደለም። በማጎሪያ ካምፕ ውስጥ የትዝታን ነገር አጠናለሁ ብሎ በሕያዋን እስረኞች አንጎል ላይ ቢላዋ ያነሣ ቀዶ ሐኪም ነው።

ልብ አንጠልጣይነቱ የሚመጣው ከይርጋ ዘመን ነው፤ ይህም ልብ ወለድ ሳይሆን ታሪክ ነው። በጀርመን ሕግ የነፍስ ግድያ ወንጀል በ20 ዓመት በይርጋ ይታገድ ስለ ነበር የናዚ ገዳዮች ከሜይ 1945 ጀምሮ ቀን ይቆጥሩ ነበር፤ በሜይ 1965 ነፃ ሊወጡ ነው። በማርች 1965 የምዕራብ ጀርመን ምክር ቤት ሲጨነቅ ሰንብቶ የይርጋው አቆጣጠር ከ1949 መጨረሻ እንዲጀምር ወሰነ። ገዳዮቹ ላይ ወደ አምስት ዓመት የሚጠጋ ተጨመረባቸው። (በ1969 ወደ 30 ዓመት ከፍ አለ፤ በ1979 በነፍስ ግድያ ላይ ይርጋው ፈጽሞ ቀረ።) ብራውን ቀኑን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው፤ ሊያልቅለት ሲል ተራዘመበት። ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ የሚሰማው ኮቴ ሁሉ ለእርሱ የመጣ ይመስለዋል፤ እኛም አብረነው እንሸሻለን።

ይህ «አብረነው» የሚለው ቃል ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ። ደራሲው ለዚህ ሰው የገዛ ራሱን ነገሮች ሰጥቶታል፤ የሙዚቃ ፍቅሩን፣ የመካከለኛው አውሮፓ ጠባዩን፣ በለንደን ኪራይ ቤት ያሳለፈውን ብቸኝነት፣ ከሁሉ በላይ የተሳዳጅን ፍርሃት። በ1933 በርሊን ውስጥ የበር መንኳኳት ሲያዳምጥ የነበረው ጆሮ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ለነፍሰ ገዳዩ ተውሶ ተሰጠ። መጽሐፉ ይቅርታ ነው የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ እኔ አልስማማም። ብራውን ለሠራው ሥራ አይጸጸትም። የሚያለቅሰው ለራሱ፣ በአየር ድብደባ ላለቁት ሚስቱና ልጁ፣ ለጠፋው ሳይንሳዊ ውጤቱ ነው። ደራሲው ጭራቅ አድርጎ ቢያቀርበው ኖሮ እኛ ሐኪሞች ከንፈራችንን መጥጠን እናልፈው ነበር። ሰው አድርጎ ስላቀረበው ግን ማምለጫ አጣን፤ ጥሩ ጆሮ ያለው፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ፣ ምሽት ላይ ሹበርት የሚሰማ ባልደረባችን ነው።

የታሪክ ማስረጃውም ያው ነው። በዲሴምበር 1946 በኑረምበርግ በተከፈተው የሐኪሞች ችሎት 23 ሰዎች ሲከሰሱ 20ዎቹ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሰባት ተከሳሾች ተሰቀሉ። ከዚያ ችሎት ያመለጡት ግን ብዙ ናቸው፤ መሸሽ እንኳ ያላስፈለጋቸውም ነበሩ። ዩልዩስ ሃለርፎርደን የተባለው የአንጎል ተመራማሪ፣ ናዚዎች «ለሕይወት የማይገቡ» እያሉ ከገደሉአቸው ሕሙማንና ሕፃናት መቶዎች የሚሆኑ አንጎሎችን ተቀብሎ መርምሮአል። በ1945 አሜሪካዊው ሐኪም ሊዮ አሌክሳንደር ሲጠይቀው አልካደም። ስሙን ሳይቀይር፣ ፒያኖ መቃኘት ሳያስፈልገው፣ እንደ ተከበረ ሳይንቲስት ኖሮ በ1965 በአልጋው ላይ ሞተ፤ የፕረስበርገር መጽሐፍ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እኛ በሃንጋሪ በተማርንበት ዘመን «የሃለርፎርደንና የሽፓትስ በሽታ» የሚባለውን፣ ልጆችን እያንቀጠቀጠና እያጣመመ የሚገድለውን ሕመም ለፈተና ሸምድደነዋል። ስሙ ከየት እንደ መጣ አንድም መምህር አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የበሽታውን ስም ለውጠውታል። ይሁንና በአሮጌ መዝገቦች ውስጥ የድሮው ስም አሁንም ዐልፎ ዐልፎ ይገጥመኛል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲያነብ ወደ አትላንታ ማሰቡ አይቀርም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ ሊቀ መንበር የነበረና ሰዎችን ያስገርፍ የነበረ ሰው፣ በስደት በአንድ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ፣ በዚያው ሆቴል ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የግርፋቱ ሰለባ ለይታ ያዘችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እንግዳ ሲቀበል ፈገግ ይል ነበር ይሆናል፤ በቤተ ክርስቲያንም ከጎናችን ቆሞ ይሆናል። በስደት ከተማ ሁላችንም የምንተዋወቀው ስለ ራሳችን በነገርነው ያህል ነው። የብራውን ደባሎች የተታለሉት ሞኞች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ ስደተኛን ያለፈውን አለመጠየቅ ጨዋነት ስለ መሰላቸው ነው። እኛም ይህን ጨዋነት እናከብራለን፤ እኔም ክሊኒኬ ለሚመጣ የአገሬ ሰው ስለ ጀርባው ጠባሳ እጠይቃለሁ እንጂ ስለ እጁ ጠይቄ አላውቅም።

«የመስታወት ዕንቁዎች» ሲታተም የሚገባውን ያህል አልተነበበም። ፕረስበርገርም ከዚያ ወዲያ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። በዚያው በ1966 ለአሮጌ ወዳጁ ለፖዌል የአውስትራሊያ ፊልም ሲጽፍ ሪቻርድ ኢምሪ በሚል ብዕር ስም ተሰወረ፤ ኢምሪ ከኢምረ ብዙም አይርቅም። በ1994 የልጁ ልጅ፣ የፊልም አዘጋጁ ኬቪን ማክዶናልድ፣ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳተመ። ልብ ወለዱ ራሱ በ2022 በለንደን በፌበር ማተሚያ ቤት እንደ ገና በወጣ ጊዜ ግን አንባቢ አገኘ፤ የእኔም ቅጂ ይኸው ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ወስዶበታል።

ደራሲው ይህን አላየም። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1988 በሰማኒያ አምስት ዓመቱ በሳፎክ አውራጃ ዐረፈ። የተቀበረው አስፖል በምትባል መንደር፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። በክርስቲያኖቹ መቃብር መካከል የእርሱ ድንጋይ ላይ የዳዊት ኮከብ ተቀርጾአል። በመንደሪቱ ይኖርባት የነበረችው ቤት «የጫማ ሰፊው ጎጆ» ትባል ነበር።